ያልተፈተነ መጠባበቂያ፦ የድረ ገጽ መተግበሪያ ሰርቨሮች ጥበቃ ከጊትላብ አደጋ አንጻር

የድረ ገጽ መተግበሪያ የሚያስተናግድ ሰርቨርን ማዋቀር ዛሬ በአንድ ቀን ሊጠናቀቅ የሚችል ሥራ ነው፤ ስርዓተ ክወናው ይጫናል፣ የመረጃ ቋቱ ይዘጋጃል፣ መተግበሪያው ይሰቀላል። አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሚዘልቀው ጥበቃ ነው። በተለይ የመጠባበቂያ ቅጂ በየሌሊቱ እንዲወሰድ ከታዘዘ በኋላ ጉዳዩ እንደተዘጋ መቁጠር የተለመደ ነው።

ይህ ግምት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የሚያሳየው፣ የሶፍትዌር አልሚዎች ኮዳቸውን በሚያስቀምጡበት በጊትላብ ላይ ጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017) የደረሰውና ድርጅቱ ራሱ በዝርዝር ይፋ ያደረገው አደጋ ነው። የመረጃ ቋቱ በሁለት ሰርቨሮች ላይ ይገኝ ነበር፤ ዋናው ተጠቃሚዎችን ያስተናግዳል፣ ሁለተኛው የዋናውን ለውጥ እየተከተለ ይገለብጣል። በሥራ ጫና ሁለተኛው ወደ ኋላ በመቅረቱ፣ አንድ መሐንዲስ ግልበጣውን እንደገና ለማስጀመር የሁለተኛውን የመረጃ ማውጫ ሊሰርዝ ተነሣ። ትእዛዙን የሰጠው ግን ለዋናው ሰርቨር ነበር። ስሕተቱን ተረድቶ ወዲያው ቢያቋርጠውም 300 ጊጋባይት ያህል መረጃ ጠፍቶ ነበር።

እንዲህ ያለ ስሕተት በማንም ላይ ሊደርስ ይችላል። ይበልጥ የሚያሳስበው ቀጥሎ የታየው ነው። በየዕለቱ የመረጃ ቋቱን ገልብጦ ወደ አማዞን ማከማቻ መላክ የነበረበት ፕሮግራም የፖስትግሬስኪውኤል 9.2 ስሪት ሲሆን የመረጃ ቋቱ 9.6 ስለነበር፣ ፕሮግራሙ ሥራውን ሳይጀምር ያቋርጥ ነበር፤ ማከማቻውም ባዶ ሆኖ ተገኘ። ውድቀቱን የሚያሳውቁ ኢሜይሎች ተልከው ነበር፤ ሆኖም የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጥ ፊርማ ስላልነበራቸው ተቀባዩ ሰርቨር መለሳቸው። የአዙር የዲስክ ቅጂ አገልግሎትም ለመረጃ ቋቱ ሰርቨሮች አልተከፈተም። ሁለተኛው ሰርቨር ደግሞ አስቀድሞ ባዶ ተደርጓል። (ባይደረግ እንኳ ተከታይ ሰርቨር የመጠባበቂያ ቅጂን አይተካም፤ በዋናው የመረጃ ቋት ውስጥ በስሕተት የተሰረዘ ሠንጠረዥ ከተከታዩም በቅጽበት ይጠፋልና።)

ድርጅቱን ያተረፈው አጋጣሚ ነው። ከአደጋው ስድስት ሰዓት ገደማ በፊት፣ ለሙከራ ሰርቨር ሲባል ከመደበኛው ፕሮግራም ውጭ አንድ የዲስክ ቅጂ ተወስዶ ነበር። የሙከራው ዲስኮች ዘገምተኛ ስለነበሩ መረጃውን መልሶ ማጓጓዝ ብቻ ረጅም ሰዓታት ፈጀ። በመካከሉ የተፈጠሩ 5,000 ያህል ፕሮጀክቶች፣ 5,000 ያህል አስተያየቶችና 700 ያህል አዳዲስ የተጠቃሚ መለያዎች አልተመለሱም።

ማንቂያን በተመለከተ፣ ውድቀት ሲደርስ ብቻ መልእክት የሚልክ አሠራር መልእክቱ ራሱ ሲጠፋ ዝምታን እንደ ጤንነት ያስቆጥራል። ስለዚህ በሌላ ሰርቨር ላይ ያለ መቆጣጠሪያ የቅጂውን ዕድሜና መጠን እየተመለከተ፣ የሚጠበቀው ፋይል በሰዓቱ ካልደረሰ ማስጠንቀቅ ይኖርበታል። ይህም ቢሆን ፋይሉ መኖሩን እንጂ ሊመለስ መቻሉን አያሳይም። ይህን የሚያረጋግጠው ቅጂውን በተለየ ሰርቨር ላይ በየጊዜው መልሶ መጫን፣ መተግበሪያውን በላዩ ማስነሣትና የፈጀውን ሰዓት መመዝገብ ነው፤ የመረጃ ቋቱ ስሪት በተለወጠ ቁጥርም ሙከራው ይደገማል።

በዩኒቨርሲቲ የምርምር ክፍሎች ሌላ ችግር ይታከላል። ሰርቨሩን ያዋቀረው ተማሪ ሲመረቅ የአሠራሩ ዕውቀት አብሮት ይሄዳል፤ በድረ ገጽ መጠይቅ የተሰበሰበው የመስክ መረጃ ግን እዚያው ይቀራል። ስለሆነም የመልሶ መጫን ሙከራውን ሰርቨሩን ያላዋቀረ ሰው፣ የተጻፈውን መመሪያ ብቻ ይዞ ቢያከናውነው ይመረጣል።