የቅጣት ካሳ፦ የፍትሐ ብሔር ችሎት ሲቀጣ

በአሜሪካ በአካል ጉዳት ክርክር የሚወሰነው ካሳ ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ አንደኛው የተጎጂውን የሕክምና ወጪ፣ የቀረበትን ገቢና ሥቃዩን የሚተካ ነው፤ ሁለተኛው በዚህ ላይ ተጨምሮ ተከሳሹን ለመቅጣትና መሰሎቹን ለማስጠንቀቅ የሚጣል በመሆኑ የቅጣት ካሳ ይባላል። የመጀመሪያው በጉዳቱ መጠን፣ ሁለተኛው በጥፋቱ ክብደት ይለካል። ስለዚህም ተራ ቸልተኝነት አይበቃም፤ ተከሳሹ ሆን ብሎ ወይም አደጋውን እያወቀ ለሰው ሕይወት ደንታ ሳይሰጥ ማጥፋቱ መረጋገጥ አለበት።

ሥርዓቱ የተወረሰው ከእንግሊዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1763 የመንግሥት መልእክተኞች ስም ባልተጠቀሰበት የመያዣ ትእዛዝ አንድ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ይዘው ለስድስት ሰዓታት ያህል አቆዩት፤ ሥጋና ቢራ ስላቀረቡለት ጉዳቱ እዚህ ግባ የሚባል ባይሆንም፣ ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝብ ተመርጦ ፍሬ ነገሩን የሚወስነው ጉባኤ፣ 300 ፓውንድ ፈረደለት። ፍርድ ቤቱም የተደፈረው የዜጎች ነጻነት መሆኑን አይቶ ገንዘቡ በዝቷል የሚለውን አቤቱታ ሳይቀበል ቀረ።

የዘመናችን ዋነኛ ምሳሌ በፎርድ ፒንቶ መኪና ላይ የተነሣው ክርክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በካሊፎርኒያ አንድ ፒንቶ ከኋላው ተገጭቶ በእሳት ሲያያዝ አሽከርካሪዋ ሞተች፤ አብሯት የነበረው የ13 ዓመት ልጅም ክፉኛ ተቃጠለ። ኩባንያው የነዳጅ ጋኑ በግጭት እንደሚቀደድ ከሙከራ ቢያውቅም፣ ለአንድ መኪና ከ16 ዶላር በታች የሚጠይቀውን ማሻሻያ ወጪ ለመቆጠብ ሲል አዘግይቶት እንደነበር በክርክሩ ተገለጸ። ጁሪው የ125 ሚሊዮን ዶላር የቅጣት ካሳ ሲወስን፣ ዳኛው ወደ 3.5 ሚሊዮን ዝቅ አደረጉት፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1981 አጸናው። ካሳ ከጉዳት ልክ ፈጽሞ ካላለፈ የሰው ሕይወት ከማሻሻያ ወጪ ጋር የሚነጻጸር የሂሳብ መደብ ሆኖ ይቀራል፤ የቅጣት ካሳ የሚያፈርሰው ይህንን ስሌት ነው።

ሥልጣኑ ግን ገደብ የለሽ አይደለም፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 የቅጣቱ መጠን ከጉዳት ካሳው ዘጠኝ እጥፍ የሚያልፍበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት መሆኑን አስገንዝቧል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ካሳ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ስለሚያዝ፣ መቅጣትን በመሠረቱ ለወንጀል ችሎት ይተወዋል። ያም ሆኖ ጉዳዩ ከኢትዮጵያ የራቀ አይደለም፤ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ በተከሰከሰው አውሮፕላን ካለቁት 157 ሰዎች መካከል የብዙዎቹ ቤተሰቦች ቺካጎ ላይ የአውሮፕላኑን አምራች ቦይንግን ከሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ኩባንያው ጉዳቱን ለመካስ ኃላፊነቱን ሲያምን፣ አብዛኞቹ ከሳሾች በበኩላቸው የቅጣት ካሳ ላለመጠየቅ ተስማምተዋል። ከሳሾቹ በምላሹ የተዉት ነገር ይህ መሆኑ፣ የቅጣት ካሳ ገና ሳይፈረድ በድርድር ላይ ያለውን ክብደት ያሳያል።