ደራሽ ውኃና የችኮላ መንገድ

«ውኃ እያሣሣቀ ይወስዳል» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን አባባል ብዙዎቻችን የምናነሣው በሽንገላ የሚያጠፋ ሰውን ለመንቀፍ ነው እንጂ ስለ ውኃው ስለ ራሱ አስበን አይደለም። ዳሩ ግን ክረምት በገባ ቍጥር በየመንገዱ የሚደርሰውን አደጋ ለተመለከተ ሰው፣ ነገሩ ከምሳሌነት አልፎ እውነት ነው። ጐርፍ ያቋረጠውን መንገድ በመኪና ለመሻገር የሚነሣ ሁሉ ውኃው የሳቀለት ሰው ነው፤ ጥልቀቱ አይታየውም፤ ማዶው ቅርብ ነው፤ ቀጠሮውም ደርሷል።

እኔ ራሴ ይህን የተማርሁት ለሥራ ገና አዲስ ሳለሁ ነው። በነሐሴ ወር ለስብሰባ ወደ አንድ ወረዳ ስንጓዝ፣ በበጋ ደረቅ አሸዋ የነበረ ወንዝ ሞልቶ ጠበቀን። ውኃው ከጉልበት የሚያልፍ አይመስልም፤ ሰማዩም በላያችን ጥርት ያለ ነበር። «ጋሼ፣ ይለፉት እንጂ፤ ስብሰባው ሊጀመር ነው» አልኋቸው። ሾፌራችን በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ነበሩ። መልስ ሳይሰጡኝ ወርደው ከውኃው ዳር አንድ ድንጋይ አኖሩ። ጥቂት ቆይቶ ድንጋዩ ተሸፈነ። «አየህ ልጄ፣ ገና እየመጣ ነው። ስብሰባው አንተን ይጠብቃል፤ ውኃው ግን ማንንም አይጠብቅም» አሉኝ። እኔም ተቈጥቼ ዝም አልሁ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ከነሥሩ የተነቀለ ግራር በፊታችን ሲያልፍ ግን ቍጣዬ በረደ። ወንዙ የጐደለው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ እኒህ ሰው መሬቱን በዱላ እየለኩ ካረጋገጡ በኋላ በደኅና ተሻገርን።

በዚያን ቀን ያታለለኝ አንደኛው ነገር የሰማዩ መጥራት ነው። ደራሽ ውኃ ግን የሚመጣው እኛ ካለንበት ሳይሆን ከላይ ከደጋው ነው። የድሬዳዋን ከተማ የሚከፍለው የደቻቱ ወንዝ ለዚህ ታላቅ ምስክር ነው። ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለ ሆነ ሰው ይተላለፍበት፣ ገበያም ይቆምበት ነበር። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ቀን ለ30 አጥቢያ ግን በሐረርጌ ደጋዎች የዘነበው ኀይለኛ ዝናብ በሌሊት ወርዶ ከተማዪቱን በተኛችበት ደረሰባት። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺሕ የሚቈጠሩም ቤት አጡ።

ሁለተኛው ያታለለኝ ነገር የመኪናው ክብደት ነው። ብረት በውኃ ይወሰዳል ብሎ ማን ያስባል? ነገር ግን በትምህርት ቤት ስለ አርኪሜደስ የተማርነውን እናስታውስ። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1000 ኪሎ ይመዝናል። ርዝመቷ 4 ሜትር፣ ስፋቷ 1.6 ሜትር የሆነች ትንሽ አውቶሞቢል ከሆዷ በላይ 15 ሳንቲ ሜትር ውኃ ቢደርስባት፣ ውኃው ወደ ውስጥ እስኪገባ ድረስ 960 ኪሎ ያህል ክብደት ያነሣላታል። ይህም የራሷን ክብደት ለማካከል ጥቂት የቀረው ነው። ጐማዋ መሬቱን መርገጥ ይሳነዋል፤ መሪና ፍሬንም ዋጋ ያጣሉ። ስለዚህ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ውኃ ትንንሽ መኪናዎችን ሊያንሳፍፍ፣ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ወራጅ ውኃ ደግሞ ባለ ሁለት ዲፈረንሻሉን ትልቅ መኪና ሳይቀር ሊወስድ ይችላል። የውኃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆንም ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከዚህም በላይ ትናንት የነበረው መንገድ ዛሬ ከደፈረሰው ውኃ በታች ይኑር ወይም ተቦርቡሮ ይሂድ ከመኪና ውስጥ ሆኖ የሚያውቅ የለም።

መኪና ብዙ ባለበት አገር ይህ ችግር ይብስ እንደ ሆነ እንጂ አይቀንስም። የአሜሪካ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት እንደሚገልጸው፣ በዚያ አገር በጐርፍ ሰጥመው ከሚሞቱት ከግማሽ የሚበልጡት መኪናቸውን ወደ ጐርፍ የነዱ ናቸው። በ1968 ዓ.ም. ሐምሌ 24 ቀን ማታ በኮሎራዶ በቢግ ቶምሰን ሸለቆ ደራሽ ውኃ ወርዶ ከ140 በላይ ሰዎች ሲያልቁ፣ ብዙዎቹ በመኪና ሸለቆውን ተከትለው ጐርፉን ለመቅደም የሞከሩ ነበሩ። መኪናቸውን ትተው ዳገቱን በእግራቸው የወጡ ግን ዳኑ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ሸለቆዎች መንገድ ዳር፣ ጐርፍ ሲመጣ ወደ ከፍታ ውጡ የሚል ምልክት ተተክሏል።

እንግዲህ መንገደኛ ሊያስበው የሚገባው ብዙ አይደለም። ወደ ቈላ ከመውረድ በፊት በደጋው ዘንቦ እንደ ሆነ መጠየቅ፤ በደረቅ ወንዝ ውስጥ መኪና አለማቆምና አለማደር፤ ወራጅ ውኃን፣ ይልቁንም በሌሊት፣ አለመድፈር ነው። መኪናው በሚሞላ ውኃ ውስጥ ቢጠፋ፣ ሞተሩን እንደገና ለማስነሣት መታገል ውኃ ወደ ሲሊንደሩ አስገብቶ ሞተሩን ከመስበር በቀር አይጠቅምም፤ ውኃው ሳይበረታ ወጥቶ ወደ ከፍታ መሄድ ይሻላል። በዙሪያው የሚወርደው ውኃ በርትቶ እንደ ሆነ ግን ከመኪናው አለመውጣት፣ ወደ ውስጥ ሲሞላም ቀበቶን ፈትቶ በመስኮት ወደ ጣራው መውጣት ይገባል። በትንሽ ውኃ ያለፈም ቢሆን ማዶ እንደ ደረሰ ፍሬኑን ቀስ ብሎ መሞከር አይርሳ።

ከሁሉ በላይ ግን ለእኛ ለወጣት ሠራተኞች የሚነገር አንድ ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ሾፌሩ ወንዙን ያውቀዋል፤ ማቆምም ይፈልጋል። «እለፍ» የሚለው ከኋላ የተቀመጠው ሹም ነው። ሥልጣን ሾፌርን ያዝዛል፤ ጐርፍን ግን ማዘዝ አይችልም። ለዘገየ ስብሰባ ይቅርታ ይጠየቅለታል፤ በውኃ ለተወሰደ ሰው ግን ለቤተሰቡ የሚሰጠው ምክንያት ከየት ይመጣል? ስለዚህ በሚቀጥለው ክረምት ወንዝ ሞልቶ ቢጠብቀን፣ ሾፌሩን «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» ብለን እንጠይቅ፤ ድንጋይ አኑረው እንጠብቅ ያሉን እንደ ሆነም አብረናቸው እንቀመጥ።