ዋጋው በራም፣ ዱቤው በዲስክ

መርካቶ የስልክ ዕቃ በጅምላ የሚያከፋፍል ነጋዴ፣ ደንበኛ «ይሄ ቻርጀር ደርዘኑ ስንት ነው?» ሲለው መዝገብ አያገላብጥም። ዋጋው ጭንቅላቱ ውስጥ ነው፤ የጠዋቱ ከሰዓት ሊለወጥ ስለሚችል መጻፉም አያዋጣም። ዱቤ ሲሆን ግን ደብተር ይወጣል፤ ስም፣ ቀን፣ መጠን ይሰፍርበታል። በኮምፒውተሩ ሙያ «ኢን ሜሞሪ ዳታቤዝ» የሚባለው አሠራር የቆመው በዚሁ ክፍፍል ላይ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚጠየቀውና የሚለዋወጠው ራም ላይ ይቀመጣል፣ መጥፋት የሌለበት ዲስክ ላይ።

ገበያው ወደ ስልክ ከገባ ሰነባብቷል። የሸማ ተራውም የምናለሽ ተራውም ነጋዴ የዕቃውን ፎቶ ቴሌግራም ላይ ይለቃል፣ ገዢው ከጅማ ወይም ከደሴ ሆኖ ያዛል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ኤም-ፔሳም ነሐሴ 2015 ሲከተል ክፍያውም በዚያው ገባ። ከዚህ በኋላ የመጣው የዕቃ መቆጣጠሪያ መተግበሪያ ነው፤ ስንት ካርቶን ቀረ፣ ዛሬ ዋጋው ስንት ነው፣ የትኛው ትዕዛዝ ተከፍሏል። እንዲህ ያለውን የሚሠሩ ወጣት ባለሙያዎች መጀመሪያ የሚገጥማቸው ጥያቄ መረጃውን ምን ላይ፣ የት አገር እናስቀምጠው የሚለው ነው።

ፍጥነቱን በቁጥር እንየው። ራም ላይ ያለ መረጃ ለማንበብ 100 ናኖ ሰከንድ ገደማ ይበቃል። ኤስኤስዲ ዲስክ ከዚያ በመቶዎች እጥፍ ይዘገያል። የሚሽከረከረው የድሮ ሃርድ ዲስክ እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ይህ የራሙ 100 ሺህ እጥፍ ነው። ይህን ልዩነት ለድረ ገጽ ሥራ ካዋሉት ቀደምት መሣሪያዎች አንዱ ሜምካሽድ ነው፤ ብራድ ፊትዝፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ2003 ላይቭጆርናል ለተባለው ድረ ገጹ ሠራው። በ2009 ደግሞ የሲሲሊው ተወላጅ ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖ የጎብኚዎችን እንቅስቃሴ በቅጽበት የሚያሳይ አገልግሎት ሲሠራ ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ አልችልህ አለው። በዚህ የተነሣ የራሱን ጻፈ፤ ሬዲስ የተባለውና ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበት ያ ነው። ለትልልቅ ድርጅቶች የሚሸጠው የኤስኤፒው ሃና ብቅ ያለው በ2010 ነው፤ እሱ ግን በዋጋውም በመጠኑም የመርካቶ ሱቅ ዕቃ አይደለም።

ሬዲስ ለረጅም ጊዜ ማንም እንደልቡ የሚጠቀምበት ነጻ ሶፍትዌር ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2024 ላይ ባለቤቱ ኩባንያ ፈቃዱን ሲያጠብቅ፣ አብረው ሲያለሙት ከነበሩት የተወሰኑት በሊኑክስ ፋውንዴሽን ጥላ ሥር ቫልኪ የተባለ ቅርንጫፍ አወጡ። በ2025 ሬዲስ እንደገና ነጻ ፈቃድ ጨመረ። አሁን ለሚጀምር ሰው ሁለቱም ይሆናሉ፤ ትዕዛዞቻቸውም በአብዛኛው አንድ ናቸው።

የመሣሪያው ጥቅም ከፍጥነቱ ይልቅ በሥርዓቱ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ አለ። ከአንድ ዓይነት ቻርጀር የመጨረሻው ካርቶን ብቻ ቀርቷል እንበል። አንዱ ከአዳማ፣ ሌላው ከሐዋሳ በአንድ ቅጽበት «እፈልጋለሁ» አሉ። መተግበሪያው ለሁለቱም «አንድ አለ» የሚለውን አንብቦ ቀጥሎ ከቀነሰ፣ አንድ ካርቶን ለሁለት ሰው ተሸጠ ማለት ነው፤ ጭቅጭቁም የጫኝና አውራጁን ሒሳብ ጨምሮ ለነጋዴው ይተርፋል። ሬዲስ ትዕዛዞችን የሚያስፈጽመው በተራ፣ አንድ በአንድ ነው። «አንድ ቀንስና የቀረውን ንገረኝ» የሚለው አንድ ትዕዛዝ ስለሆነ መሐሉ ላይ ሌላ ሰው መግባት አይችልም። የመጀመሪያው ዜሮ ይመለስለታል፣ ዕቃውን ወሰደ። ለሁለተኛው ከዜሮ በታች ይመጣለታል፤ መተግበሪያው የቀነሰውን መልሶ «አልቋል» ይለዋል። በስልክ የሚላከው የማረጋገጫ ቁጥር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ራሱ እንዲጠፋ ማድረግም፣ እንደ ራይድና ፈረስ ባሉ የታክሲ ጥሪ አገልግሎቶች ዓይነት ሥራ ቅርብ ያለውን መኪና መፈለግም ለዚህ መሣሪያ ቀላል ነው።

የመረጃው መጠንም አያስፈራም። 50 ሺህ ዓይነት ዕቃ፣ እያንዳንዱ 500 ባይት ቢይዝ ጠቅላላው 25 ሜጋባይት ነው። ሚሊዮን መዝገብ አንድ አንድ ኪሎባይት ቢይዝ እንኳ ከአንድ ጊጋባይት ብዙም አይዘልም። እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልጨምር፤ ለአንድ ሱቅ ብቻ የሚሠራ ሰው ይህን ሁሉ አያስፈልገውም። ፖስትግሬስን የመሰለ የተለመደ ዳታቤዝ በብዛት የሚነበበውን መረጃ በራሱ ጊዜ ራም ላይ ስለሚያቆይ ሥራውን ይጨርሳል። ኢን ሜሞሪው ዳታቤዝ ወጪውንና ጣጣውን የሚመልሰው ብዙ ሱቅና ብዙ ገዢ በአንድ ሰርቨር ሲገናኙ ነው።

ራም መብራት ሲጠፋ ባዶ ይሆናል። ሬዲስ ለዚህ ሁለት መላ አለው። አንደኛው በየተወሰነ ጊዜ የሁሉንም ቅጂ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱን ለውጥ ፋይል ላይ እየጨመሩ መሄድ ሲሆን፣ በተለመደው ምርጫ በየሰከንዱ ዲስክ ላይ ስለሚያሳርፍ ሰርቨሩ በድንገት ቢወድቅ የሚጠፋው የአንድ ሰከንድ ያህል ሥራ ነው። ሁለተኛው ሲጫን ዝግ ሆኖ ስለሚመጣ አስታውሶ መክፈት የባለሙያው ፈንታ ነው። ለዋጋ ዝርዝር አንድ ሰከንድ ምንም አይደለም። ለገንዘብ ግን ብዙ ነው። በየሱቁ ያለው የካሽ ሬጅስተር ማሽን እንኳ የቀኑን ዜድ ሪፖርት የሚይዘው በማይሰረዝ ፊስካል ሜሞሪ ላይ ነው።

የሒሳብ መዝገብ ለአፍታ ሲላላ ምን እንደሚመጣ መጋቢት 2016 ዓ.ም. አይተናል። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሲስተም ማሻሻያ ወቅት በአንድ ሌሊት ሒሳባቸው ላይ ካለው በላይ ያወጡና ያስተላለፉ ደንበኞች ነበሩ፤ ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደተወሰደበትና ነገሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ አስታወቀ። ጉዳዩ ከኢን ሜሞሪ ዳታቤዝ ጋር የተያያዘ ነው ማለቴ አይደለም። ቀሪ ሒሳብ የሚነበብበትና ገንዘብ የሚወጣበት ቦታ ለቅጽበት ካልተናበቡ ዋጋው ይህን ያህል መሆኑን ለማሳየት ነው።

አሁን ወደ ክላውዱ፣ ሰርቨሩ የት አገር ይቀመጥ ወደሚለው ጥያቄ። ብዙዎች ስለ ሰርቨሩ ጉልበት እንጂ ስለ ርቀቱ አይጠይቁም፤ ለእኔ ዋናው ስህተት እዚህ ጋ ነው። ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ቢሆን ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2020 የከፈተው የኬፕታውን ማዕከል አፍሪካ ውስጥ ስለሆነ የሚቀርብ ይመስላል፤ ርቀቱ ግን 5,200 ያህል ነው፣ ልዩነት የለውም ማለት ይቻላል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ ሄዶ ለመመለስ ብቻ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይጠይቃል። ይህም ገመዱ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ ነው። ባሕር የሌላት አገር መስመሯ በጎረቤት አገሮች በኩል ስለሚዞር እውነተኛው ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። መተግበሪያው አዲስ አበባ ሆኖ ዳታቤዙ ብቻ አውሮፓ ከተቀመጠ፣ አንድ ገጽ ለመክፈት አሥር ጊዜ የሚጠይቅ ፕሮግራም ከግማሽ ሰከንድ በላይ መንገድ ላይ ያጠፋል። በራም የተገኘው ፍጥነት በሙሉ እዚያ ያልቃል። ስለዚህ መተግበሪያውና ዳታቤዙ አንድ ማዕከል ውስጥ፣ ቢቻል ጎን ለጎን መሆን አለባቸው።

የውጭ ሰርቨር ሌላው ጣጣ ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በወር 20 ዶላር የሚከፈልበት ሰርቨር ከ1,140 ብር ተነሥቶ ከ2,000 በላይ ደረሰ፣ ደንበኛው ግን የሚከፍለው ያው ብር ነው። የብር ካርድ ውጭ አገር ስለማይሠራም፣ ክፍያው ብዙ ጊዜ ውጭ ባለ ወንድም ወይም ጓደኛ ካርድ ያልፋል፤ ካርዱ ያለቀበት ቀን ሰርቨሩም ይዘጋል። የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ በብር ይከፈላል፤ አይሲቲ ፓርክ ውስጥም ዊንጉና ራክሲዮ የዳታ ማዕከል አላቸው። የደንበኛን ስምና ስልክ የሚይዝ ሰው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃን ወደ ውጭ ስለማስተላለፍ የሚለውን ከመወሰኑ በፊት ማንበብ ይኖርበታል። ሰርቨሩ አገር ውስጥ መሆኑ ግን ሁሉን አይፈታም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ፣ ስልኩ ላይ ዳታ የሌለው ነጋዴ አይሲቲ ፓርክ ያለው ሰርቨርም ቢሆን አይደርስለትም ነበር። መተግበሪያው የቀኑን ሽያጭ ስልኩ ላይ ይዞ፣ መስመር ሲመለስ የሚያስተላልፍ ሆኖ መሠራት አለበት።

የሬዲስ ተከላ ራሱ አጭር ነው። ኡቡንቱ ባለበት ሰርቨር ላይ አንድ ትዕዛዝ ይጭነዋል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሬዲስ የሚያዳምጠው በፖርት 6379 ሲሆን፣ ያንን በር ለዓለም ክፍት ትቶ መሄድ አዲስ ጀማሪዎችን ደጋግሞ ያስጠቃ ስህተት ነው፤ ሌቦች በዚያ ገብተው ሰርቨሩን የክሪፕቶ ማዕድን ማውጫ ያደርጉታል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ያሉት ዕትሞች የይለፍ ቃል ካልተሰጣቸው ከውጭ የሚመጣን ጥያቄ አይቀበሉም፤ ብዙ ሰው ግን «አልገናኝ አለኝ» ብሎ ጥበቃውን ራሱ ያጠፋዋል። የሚሻለው ዳታቤዙ የውስጥ አድራሻ ላይ ብቻ እንዲያዳምጥ ማድረግ፣ ረጅም የይለፍ ቃል መስጠትና በፋየርዎል ከመተግበሪያው ሰርቨር በቀር ማንንም አለማስገባት ነው። ዕትሙንም ማደስ ግድ ነው፤ በ2025 መጨረሻ ይፋ የሆነው አደገኛ ቀዳዳ ሬዲስ ውስጥ 13 ዓመት ያህል ተደብቆ የኖረ ነበር።

ቀጥሎ የራም ጣሪያ ይወሰናል። ሬዲስ ቅጂውን ዲስክ ላይ ሲጽፍ ራሱን ለሁለት ስለሚከፍል፣ በጽሑፉ ወቅት ብዙ ለውጥ ከገባ የራም ፍጆታው እስከ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ሁለት ጊጋባይት ራም ላለው ሰርቨር ከአንድ ጊጋባይት በላይ ባልፈቅድ እመርጣለሁ። ጣሪያው ሲሞላ ደግሞ ሁለት መንገድ አለ፤ አዲስ ጽሑፍ አልቀበልም ማለት ወይም ብዙ ያልተነካውን መዝገብ በዝምታ መሰረዝ። ሲጫን የሚመጣው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ከሌላ ቦታ መልሶ ሊሞላ ለሚችል መረጃ ብቻ ይሁን፤ ያልተከፈለ ትዕዛዝ በዚህ መንገድ ቢጠፋ ማንም ሳያውቀው ይቀራል። የቅጂው ፋይልም በየቀኑ ሌላ ማሽን ላይ ይገልበጥ፣ በየወሩ አንድ ጊዜ ደግሞ ባዶ ሰርቨር ላይ ተከፍቶ የመዝገቡ ቁጥር ከዋናው ጋር ይመሳከር።