ሳይሞት ሊቀበር የነበረ ዲስክ

ደብረ ታቦር ላይ ኮምፒውተር ሲታመም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ»። ቫይረስ ሲገባ ፎርማት፣ ሲንቀራፈፍ ፎርማት፣ አልነሳ ሲል ፎርማት። ባለፈው ክረምት የሰፈራችን እድር ኮምፒውተርም ይኸው ተፈርዶበት ነበር።

ማሽኑ ዕድሜ ጠገብ ነው፤ 6.4 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 98። ግን የዓመታት መዋጮው፣ ማን ስንት ወር እንዳለበት፣ ለማን ሐዘን ስንት እንደወጣ የተመዘገበው እሱ ላይ ብቻ ነው። ደብተሩንማ «ኮምፒውተር አለን» ብለን ከተውነው ቆይተናል። ከጉና በኩል የመጣ ዝናብ መብራቱን ሁለት ቀን አጥፍቶት ሲመለስ ማሽኑ አልነሳም አለ። የተጠራው ጠጋኝ ነካክቶ «ዲስኩ ሞቷል፤ ፎርማት አድርጌ አዲስ ልጫንበት» አለ። ጸሐፊው እኔ ዘንድ መጡ።

«ልጄ፣ እስቲ አንተም እየው። ይህ ከጠፋ በምን አፌ እድርተኛው ፊት እቆማለሁ?»

አብርቼ መጀመሪያ ያየሁት ቀኑን ነው። ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። እሷ ስታልቅ ባዮሱ የተነገረውን ሁሉ ይረሳል፤ ዲስኩን እንዴት እንደሚቆጥርም ጭምር።

የድሮ ባዮስ ዲስክ ላይ ያለን ነገር የሚፈልገው በሦስት ቁጥር ነው፤ ሲሊንደር፣ ሄድ፣ ሰክተር። ቀበሌ፣ ጎጥ፣ የቤት ቁጥር እንደማለት። ባዮሱ ከ1,024 ሲሊንደርና ከ63 ሰክተር በላይ አይቆጥርም፤ የዲስኮቹ ደንብ ደግሞ ከ16 ሄድ በላይ አይፈቅድም። ሁለቱ ሲገናኙ ከ528 ሚሊዮን ባይት በላይ አይታይም ነበር። ትልልቅ ዲስኮች ሲመጡ ባዮሶች የሄዱን ቁጥር አብዝተው የሲሊንደሩን ማሳነስ ጀመሩ። ጣጣው አበዛዙ አንድ አለመሆኑ ነው። የኛን ዲስክ «ላርጅ» የሚባለው አቆጣጠር 240 ሄድ አለው ሲል፣ «ኤልቢኤ» የሚባለው 255 ይለዋል። ያኔ የጫነው ሰው በላርጅ ነበር የጫነው፤ ባትሪዋ ስታልቅ ባዮሱ በራሱ ወደ ኤልቢኤ ዞረ። ቤቶቹ ያው ናቸው፤ ቀበሌውን ግን አንዱ በ240 ጎጥ፣ ሌላው በ255 ጎጥ ከፍሎታል። በአንዱ የተጻፈን አድራሻ ይዘህ በሌላው ስትሄድ የማታውቀው ሰው በር ላይ ትቆማለህ። ክፋቱ ደግሞ የዲስኩ መጀመሪያ በሁለቱም ቆጠራ እዚያው ስለሆነ፣ ማሽኑ ለመነሳት ሞክሮ መሀል ላይ ይቀራል። የሞተ የሚያስመስለውም ይኸው ነው።

አዲስ ባትሪ ከተትኩ፤ ባዮስ ገብቼ ላርጅ ላይ መለስኩት። ተነሳ። ጸሐፊው «በቃ? ይኸው ነው?» አሉ፤ ትንሽ ቅር ያላቸው ሁሉ መሰለኝ። ሌላ ነገር ሳንነካ መዝገቡን በሙሉ ወረቀት ላይ አተምን።

በጠጋኙ አልፈርድም። ዛሬ ዊንዶውስም ሊኑክስም ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በተራ ቁጥር ስለሚቆጥሩ ወጣት ባለሙያ ሲሊንደር የሚባል ነገር ላያጋጥመው ይችላል። ቅሪቱ ግን አለ። ኤክስፒ የመጀመሪያውን ክፍል 63ኛው ሰክተር ላይ ይጀምራል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተለመዱት ዲስኮች ውስጣቸው በ4,096 ባይት የተከፈለ ስለሆነ ድንበሩ አይገጥምም፤ አንዱ ጽሕፈት ሁለት ቦታ ይነካና ማሽኑ ይንቀራፈፋል። ከቪስታ ወዲህ ያሉት 2,048 ላይ ስለሚጀምሩ ይገጥማል። ከ2 ቴራባይት የሚበልጥ ዲስክ ደግሞ በኤምቢአር ከተከፈለ ትርፉ አይታይም፤ ጂፒቲ መምረጥ ነው።

የእድሩ ማሽን ሽፋን ላይ በማርከር «ላርጅ፣ 240» ብዬ ጽፌበታለሁ። ጸሐፊው ደግሞ ደብተሩን እንደገና ጀምረዋል።