ፕሬዘንተር፦ በገጹና በመረጃው መካከል

የድረ ገጽ መተግበሪያ እያደገ ሲሄድ ቀድሞ የሚዝረከረከው ገጹ ራሱ ነው። ቁልፍና ሠንጠረዥ ብቻ እንዲይዝ የታሰበ ፋይል ውስጥ የዋጋ ስሌት ይገባል፤ «ይህ ሰው ይህን ማየት ይፈቀድለታል?» የሚል ውሳኔም ይከተላል። ውሎ አድሮ አንዱን ሲነኩ ሌላው ይበላሻል። ሞዴል-ቪው-ፕሬዘንተር፣ በአጭሩ ኤምቪፒ፣ ይህን የሚከላከል የኮድ አደረጃጀት ነው።

መነሻው ኖርዌያዊው ትሪግቬ ሬንስካውግ እ.ኤ.አ. በ1979 በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ያፈለቀው ሞዴል-ቪው-ኮንትሮለር ነው። አፕልና አይቢኤም ያቋቋሙት ታሊጀንት ሐሳቡን አሻሻለው፤ ማይክ ፖቴልም በ1996 ኤምቪፒን በጽሑፍ አስተዋወቀ።

በኤምቪፒ ሞዴሉ መረጃውንና የሥራ ሕጎቹን ይይዛል፣ ቪው ተጠቃሚው የሚያየው ገጽ ነው፣ ፕሬዘንተሩ ደግሞ በሁለቱ መካከል ሆኖ ይወስናል። አሠራሩን በመግቢያ ገጽ እንየው። ተጠቃሚው «ግባ» የሚለውን ሲጫን ቪው ምንም አይወስንም፤ መጫኑን ለፕሬዘንተር ያሳውቃል፣ በቃ። ፕሬዘንተሩ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ከቪው ተቀብሎ ሞዴሉን ይጠይቃል፤ ልክ ካልሆነ «የስህተት መልእክቱን አሳይ» ብሎ ቪውን ያዛል። በዚህ ምሳሌ ቪውና ሞዴል አይተዋወቁም። ትልቁ ብልሃት ግን ሌላ ነው፦ ፕሬዘንተሩ ቪውን የሚያውቀው በኢንተርፌስ (ቪው ሊያደርጋቸው በሚችላቸው ነገሮች ዝርዝር) በኩል ብቻ ስለሆነ፣ በፍተሻ ጊዜ በእውነተኛው ገጽ ፋንታ አስመሳይ ቪው ሊሰጠው ይችላል። ብራውዘር ሳይከፈት የገጹ ውሳኔ ሁሉ ይፈተሻል።

ጎግል በ2006 ያወጣው ጂደብሊውቲ፣ ጃቫን ወደ ጃቫስክሪፕት የሚቀይረው መሣሪያ፣ ይህን ጥቅም በግልጽ አሳይቷል። የብራውዘር አካባቢ የሚያስፈልገው ፍተሻ ቀርፋፋ ነበር። በ2009 የጎግል አይኦ ጉባኤ ሬይ ራያን ኤምቪፒን የመከረውም ፕሬዘንተሩ ጄዩኒት በተባለው ተራ የጃቫ መፈተሻ በፍጥነት ስለሚፈተሽ ነው።

የቼኩ ዴቪድ ግሩድል የጀመረው ኔቴ የተባለው የፒኤችፒ ፍሬምወርክም ፕሬዘንተር አለው። እዚያ ግን ፕሬዘንተሩ ከብራውዘር የመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ መረጃውን ላቴ ለተባለው ቴምፕሌት ያስረክባል፤ ሥራው ለኮንትሮለር ይቀርባል። ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ የጂደብሊውቲውን ዓይነት የፍተሻ ጥቅም መጠበቅ ያሳስታል።

ማርቲን ፋውለር በ2006 ኤምቪፒን ለሁለት ከፍሎታል። በአንደኛው ቪው ቀላሉን መረጃ ራሱ ከሞዴል ያነባል፤ በሌላው ፍጹም ታዛዥ ነው። ዓላማው ፍተሻ ከሆነ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ዋጋው ለየገጹ ተጨማሪ ኢንተርፌስና ኮድ መጻፍ ነው፤ ዝርዝር ብቻ ለሚያሳይ ገጽ አያዋጣም። የዋጋ ስሌቱ ደግሞ ከገጹ ወጥቶ ፕሬዘንተሩ ውስጥ ከተከመረ ዝርክርክነቱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም፤ የስሌቱ ቤት ሞዴሉ ነው።