አጣናው ተሸጠ፤ የምንጩን ሒሳብ ማን ይከፍላል?

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ባለው አስፋልት የሚመላለስ ነጋዴ፣ መንገድ ዳር ተከምሮ መኪና የሚጠብቀውን የባሕር ዛፍ አጣና ሳያይ አያልፍም። አጣና ለገበሬው የቁጠባ ደብተሩ ነው። ልጅ ሲዳር፣ ማዳበሪያ ሲገዛ፣ ቤተሰብ ሲታመም ተቆርጦ ይሸጣል። ነጋዴውም ቢሆን ከተማ ውስጥ ግንባታ እስካለ ድረስ ገዢ አያጣም። ይሁን እንጂ ደላላው ሲያዋድድ የማይነሳ፣ ሻጩም ገዢውም የማይከፍሉት አንድ ወጪ አለ። እሱም የውሃ ወጪ ነው። ይህን ወጪ የሚሸከመው ከታች በኩል በርበሬና ሽንኩርት በመስኖ የሚያለማው ገበሬ ነው። ነገ ደግሞ ከዚያው ገበሬ ምርት የሚጠብቀው ነጋዴና ባለፋብሪካ ይሆናል።

ረግረጉ የውሃ ጎተራ ነው

የምዕራብ ጎጃም ዝናብ አብዛኛው በክረምት ይወርዳል። እንደ ብር፣ ላህና ፈጣም ያሉት ወንዞች በበጋ የሚፈሱት ግን ክረምት የገባው ውሃ ከመሬት ውስጥና ከረግረግ ቀስ እያለ ስለሚለቀቅ ነው። የዓባይ መነሻ የሆነው ግሽ ዓባይም ቢሆን ምንጭና ረግረግ ነው። ስለዚህ ብዙዎች "ጠፍ መሬት" የሚሉት ረግረግ፣ ነጋዴ እህል በመኸር ገዝቶ በክረምት እንደሚያወጣበት መጋዘን ሁሉ፣ ውሃን ከተትረፈረፈበት ወቅት ወደ እጥረት ወቅት የሚያሻግር ጎተራ ነው። በዚያ ላይ የበጋ ግጦሽ፣ የቤት ክዳን ሣርና ለበዓል ገበያ የሚወጣው ቄጠማ የሚገኘው ከዚሁ ነው።

ረግረግ በቦይ ተጠንፍፎ በቆሎ ሲዘራበት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት ያማረ ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለብዙ ዘመን በውሃ ተሸፍኖ፣ አየር አጥቶ ሳይበሰብስ የቆየ የዕፅዋት ቅሪት አየር ሲያገኝ ፈጥኖ ይበሰብስና ሰብሉን ይመግባል። ቅሪቱ ሲያልቅ ግን አፈሩ ይሟሽሻል፣ ምርቱም ይወርዳል። በሒሳብ ቋንቋ ሲነገር ይህ ትርፍ ሳይሆን ዋናውን መብላት ነው።

ለዚህ ሩቅ አገር ምሳሌ አያስፈልግም። የሐረማያ ሐይቅ ለመስኖና ለከተማ ውሃ ከመጠን በላይ ስለተቀዳና ከተራቆተው ዳገት በታጠበ ደለል ስለተሞላ በ1990ዎቹ ዓ.ም ደርቋል። በኋላ እንደገና ውሃ መቋጠር ቢጀምርም፣ በሐይቁ ላይ የተመሠረተው የጫትና የአትክልት ልማት፣ የሐረር ከተማም ጭምር፣ ሌላ የውሃ ምንጭ ለመፈለግ ተገደዋል።

ባሕር ዛፍ የት ይተከል?

ባሕር ዛፍ በ1887 ዓ.ም ገደማ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አገር ውስጥ ከገባ ወዲህ የተፈጥሮ ደኑን ከምሳር አሳርፏል፤ ለገበሬውም ገንዘብ አስገኝቷል። ስለዚህ ጥያቄው "ይተከል ወይስ አይተከል?" ሳይሆን "የት ይተከል?" የሚለው ነው።

በሜጫ ወረዳ በቆጋ ተፋሰስ ተመራማሪዎች ያደረጉት ጥናት በ2005 ዓ.ም ታትሟል። በጥናቱ መሠረት ከባሕር ዛፍ እስከ 20 ሜትር ባለው ርቀት የበቆሎ ምርትና የአፈሩ ለምነት ይቀንሳል። የአፈሩ እርጥበት ደግሞ በክረምት ባይነካም፣ በደረቁ ወቅት እስከ 30 ሜትር ድረስ ያንሳል። ይህ በገበሬ ቋንቋ ሲሰላ እንዲህ ነው። አንዱ በድንበሩ ላይ 100 ሜትር ርዝመት ያለው የባሕር ዛፍ ረድፍ ቢተክል፣ በጎረቤቱ በኩል 2,000 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ወደ አንድ ቃዳ የሚጠጋ የሰብል መሬት ይጎዳል። ተካዩ አጣናውን ሲሸጥ ጎረቤቱ ኪሳራውን ይቆጥራል።

ከዚህ በመነሳት የሚሰጠው ምክር ቀላል ነው። ባሕር ዛፍ ከምንጭ፣ ከወንዝ ዳርና ከመስኖ መሬት ይራቅ፤ ለእርሻ የማይመች ዳገት ላይ ይተከል። በማሳ ውስጥና በውሃ ዳር ደግሞ ዋንዛና ብሳና ይቆዩ። የዋንዛ ጣውላ በቤት ዕቃ ገበያ ያለውን ተፈላጊነት ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም። ሕጉም ቢሆን ይህን ሐሳብ ቀድሞ ይዞታል። በ1997 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ለዛፍና ለመኖ ልማት እንዲሆን ደንግጎ ነበር።

የአዊ ትምህርት

ከቡሬ አልፎ አዊ ሲገባ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው ዴከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ በማሳው ላይ ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆንና መሬቱ ተመልሶ ይታረሳል። ዛፉ ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ አፈር ውስጥ ስለሚያስገባ፣ አሲድ ያጠቃው መሬት ያገግማል። ገበሬው ደን እያለማ ገንዘብ ያገኘበት በመሆኑ ብዙ የተወራለት ሥራ ነው።

ሆኖም ወረዳው በአንድ ዓይነት ዛፍ ከተሞላ በኋላ የዝገት በሽታ የሚባል ፈንገስ ገብቶ ተክሉን አጠቃው። ከሰል ለመጫን ቀብድ የከፈለ ሁሉ ይህን ልብ ሊል ይገባል። ሥጋት የሚቀነሰው በሸቀጥ ንግድም ሆነ በዛፍ ተከላ ዓይነቱን በማብዛት ነው።

ነጋዴው ምን ያድርግ?

በቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክና የፌቤላ የዘይት ፋብሪካ ሁለቱም የተመረቁት በ2013 ዓ.ም ነው። በቢሊዮን ብር የሚቆጠር ገንዘብ የፈሰሰበት ማሽን ያለ ውሃና ያለ ጥሬ ዕቃ ብረት ብቻ ነው። የፋብሪካ ባለቤት ለጄኔሬተርና ለመለዋወጫ በጀት እንደሚይዝ ሁሉ፣ ለላይኛው ተፋሰስም መያዝ አለበት። የኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1997 ያደረገችው ይህንኑ ነው። በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር የውሃ ማጣሪያ ከመሥራት ይልቅ፣ ከተራራው ላይ ላሉት ገበሬዎች መሬታቸውን እንዲጠብቁ መክፈልን መርጣለች፤ አዋጥቷታልም።

አነስተኛው ነጋዴም የሚሠራው አለ። አጣና ሲዋዋል ከዳገት የተቆረጠውን ከምንጭ ዳር ከተቆረጠው ለይቶ ይግዛ። በርበሬና በቆሎ ለሚያቀርቡለት ማኅበራት የዋንዛ ችግኝ ጣቢያ ያግዝ። በ2010 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ የግልን፣ የማኅበረሰብንና የማኅበርን ደን ከመንግሥት ደን ጋር እኩል ስላወቀ፣ በጣውላ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ገንዘብ ማፍሰስ ለሚፈልግ ኢንቨስተር በሩ ክፍት ነው።

አጣና በጥቂት ዓመት ተመልሶ ያቆጠቁጣል። የደረቀ ምንጭ ግን እንደ አጣና አያቆጠቁጥም። የአካባቢው ነጋዴ ዋጋ ሲተምን ይህን ልዩነት ከሒሳቡ ካላስገባ፣ ዛሬ ያተረፈ የመሰለውን ነገ በበርበሬና በበቆሎ አቅርቦት ላይ መልሶ መክፈሉ አይቀርም።