በመዝገብ ያልሰፈረ ባለቤት

ከአዳማ ተነሥቶ መተሐራ የደረሰ መንገደኛ ሁለት ነገር ያያል፤ በስተደቡብ የለመለመ የሸንኮራ አገዳ፣ በስተሰሜን በፈንታሌ ተራራ ግርጌ ግመሉንና ከብቱን የሚነዳ ከረዩ።

አገዳው የበቀለበት የአዋሽ ዳር ሜዳ ቀድሞ የከረዩ የበጋ ግጦሽ ነበር። በምን ሕግ ተወሰደ? ቢሉ፣ የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ130ኛው አንቀጽ፣ በማንም ስም ያልተያዘውን መሬት፣ ግጦሹንም ጭምር፣ የመንግሥት ሀብት ብሎት ነበር። ከረዩ በገዳ ሥርዐቱ እየተማከረ ግጦሹን በየወቅቱ ቢደለድልም፣ ደንቡ በቃል እንጂ በመዝገብ አልነበረምና ባለቤት አልተባለም። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ የስኳር ፋብሪካውና የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም ተከተሉ።

ዛሬ ሕጉ ተለውጧል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ ለአርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት ሰጥቶታል፤ ዝርዝር አፈጻጸሙን ግን ለሌላ ሕግ ትቶታል። ያንን ዝርዝር የሚጽፈውና የሚያስፈጽመው ዛሬ ተማሪ፣ ነገ ሹም የሚሆነው ወጣት ነው።

እንግዲህ ወዳጄ ሆይ፣ ለፊርማ ብዕር ስታነሣ «መሬቱ በማን ስም ተመዘገበ?» ብለህ ብቻ አትለፍ፤ «በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበትስ ማነው?» ብለህ ሽማግሌዎቹን ጠይቅ።